ለስላሳው ጥግ

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የወረዳው የባህል ባለሙያ አብይ በአምበር አደባባይ የቆመውን ሐውልት አቧራ ሊጠርግ ሸራውን ገለጠ። ለምርቃቱ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። ጨርቅ አርጥቦ ከተቀረጸችው ሴት ትከሻ ጀመረ፤ ወደ እጆቿ ወረደ፤ ከእጆቿ በታች ሲደርስ ጨርቁ እየያዘ አስቸገረው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ጨርቁን እዚያው ትቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ለምን እንዳልሮጠ በኋላ ሲጠየቅ፣ ሰው ተደብድቦ ቢሆን ይሮጥ እንደነበር፣ ይህኛው ግን እግሩን እንዳሰረው ተናገረ።

ኢንስፔክተር እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አምበር የደረሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሠርቷል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ እጁን ከኋላው አጣምሮ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነካው። የአምበር ፖሊስ ሳጅን ሙላት ይህን ስለሚያውቅ ሦስቱ ዙር እስኪያልቅ ሐውልቱን የከበበውን የቆርቆሮ አጥር ተደግፎ ጠበቀ።

ሐውልቱ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። አንዲት ሴት ተንበርክካ በእጅ ወፍጮ ላይ አጎንብሳለች። እህሉን የሚደቁሰውን የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ በሁለት እጇ ይዛ ከወፍጮው ራስ ላይ አድርሳዋለች፤ ገና ልትገፋው ነው። ፊቷና ልብሷ ሸካራ ሆነው ተትተዋል። የወፍጮው ገጽ ግን እንደ መስታወት ተወልውሎ ስለነበር፣ እሑድ ዕለት ክሬኑ ሲያወርደው የተሰበሰበው ሰው ደመና ታየበት ብሎ ተደንቆ ነበር። አሁን ደመና አይታይበትም። ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበሳስቷል።

እንዳላማው ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ወረቀት ገንጥሎ መሐሉን በመዳፉ ልክ አራት ማዕዘን አድርጎ ቀደደውና በድንጋዩ ላይ በሦስት ቦታ እያስቀመጠ በቀዳዳው ውስጥ የሚታዩትን ነጥቦች ቆጠረ። ከሴቲቱ እጅ አጠገብ ሰማንያ ስምንት፤ ጠለቅ ያሉ። መሐል ላይ መቶ ሃያ። ከታች መቶ ስድሳ ሁለት፤ ጥቃቅንና ጥልቀት የሌላቸው። ነጥቦቹ ሁሉ ከግራ በኩል ዘንበል ብለው የተመቱ ናቸው። በታችኛው ቀኝ ጥግ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትነካ ቀርታለች፤ እንደ ድሮዋ ለስላሳ ናት። በሴቲቱ ፊት፣ በእጆቿና በልብሷ ላይ አንድ ጭረት የለም። መሬት ላይ የድንጋይ ብናኝ አልተገኘም፤ ተጠርጓል። በወፍጮው ከንፈር ላይ ብቻ ግራጫ ነገር ደርቋል። በጥፍሩ ፈቅፍቆ በመዳፉ ላይ አሸው። የድንጋይ ዱቄት ነው፤ በውስጡም የተደቆሰ የስንዴ ገለባ አለ።

“የተናደደ ሰው እንዲህ አይሠራም” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰረዘው፤ ሐሳብ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

“ኮማንደሩ ስንት ጉድጓድ ነው ብለው ከጠየቁ መልስ አለን” አለ ሳጅን ሙላት።

*

ቀራጺው አምደሚካኤል ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ እጆቹ ከፊቱ ይልቅ ያረጁ ሰው ነው። የሚኖረውና የሚያስተምረው አዲስ አበባ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት፣ በየዓመቱ አንድ ሐውልት እየሠራ ምንም ሐውልት ለሌላት ትንሽ ከተማ ይሰጣል። ትልቅ ከተማ የተወለደ ልጅ አደባባዩ ላይ የሚያየው ነገር አለው፤ ትንሽ ከተማ የተወለደ ልጅ የሚያየው የመብራት እንጨት ነው፤ ይህ ልክ አይደለም ይላል። አራቱን ለሌሎች ከተሞች ሰጠ። አምስተኛዋን ለአምበር ያቆየው ሐውልቷ እናቱ ስለሆነች ነው።

እናቱ ማሬ የሰው እህል እየፈጨች አንድ ልጇን አሳደገች። እሱ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ሞተች፤ ሲደርስ ተቀብራለች። ቤቷ በኋላ ፈረሰ። በእሱ ዓይን የቀረው ወፍጮዋ ነው፤ ከቀብሩ ማግስት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲነካው እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር። ያንን ነው የቀረጸው።

አምደሚካኤል ወደ ድንጋዩ ቀረበ። መዳፉን አሳረፈበትና ወዲያው አነሣው።

“ስምንት ወር ነው የወለወልኳት” አለ።

እንዳላማው ጠላት እንዳለው ጠየቀው፤ የለውም። ከአምበር በአሥራ አራት ዓመቱ ስለወጣ አሁን የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ረቡዕ ሌሊት የት እንደነበር ጠየቀው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ሆቴል፤ የተቀባይዋን ስም ጨምሮ ተናገረ። አምደሚካኤል አልተቀየመም። ከዚያ እሱም በተራው አንድ ነገር ጠየቀ።

“የሰውየውን ስም አልፈልግም። እንዲታሰርም አልፈልግም። ለምን እንዳደረገው ብቻ ይንገሩኝ። ከተማዋ እናቴን ጠልታት ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ክሬኑ መጥቶ ይጭናታል። የደጀን ከተማ ሰዎች ቦታ አለን ብለውኛል። ከማይፈልጋት ሰው ደጅ አላቆማትም። በሕይወት ሳለች በቂ ደጅ ቆማለች።”

እንዳላማው በመዝገቡ ላይ “ምክንያት” ከሚለው ቃል ፊት ባዶ ቦታ ተወ። ብዙ ጊዜ ያንን መስመር መጨረሻ ላይ ነበር የሚሞላው። አሁን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እሱ ሆነ፤ ያለውም ሁለት ቀን ነው።

*

አጥሩ አንድ በር አለው። ቁልፉ በአብይና በጥበቃው በጌታሰው እጅ ብቻ ነው። ጌታሰው አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ሲናገር ዱላውን የሚያይ ሰው ነው። ስለ ሌሊቱ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይቸኩል መለሰ። መቼ እንደዞረ፣ የትኛው ውሻ እንደጮኸ፣ ጨረቃዋ በየት በኩል እንደነበረች ተናገረ። ቀን ማን ገባ ሲባል ግን ጥያቄው ሳያልቅ “ማንም” አለ።

እንዳላማው ጥያቄውን በሌላ ቃል ደገመው። ጌታሰው እንደገና “ማንም” አለ፤ ከዚያም ዱላውን አየ።

ሳጅን ሙላት ሰውየው በጥርጣሬ ጣቢያ እንዲቆይ ወሰነ። ጌታሰው አልተቃወመም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸራው ነፋስ እንዳይገልጠው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ይጫንበት።

ከአጥሩ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የዘመናይ ሻይ ቤት ነው። ልጇ ጥርስ እያበቀለ ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛትም። እንኳን የድንጋይ ድምፅ፣ ጌታሰው ሌሊት ሲያስነጥስ “ይማርህ” ብላዋለች። እሱም “ያኑርሽ” ብሏል። ድንጋይ ሲመታ አልሰማችም።

እንዳላማው በቃል የተነገረውን በጆሮው ማረጋገጥ ይወዳል። ሐሙስ ማታ ከተማው ጸጥ ሲል ሙላትን ከአጥሩ ውስጥ አስቀምጦ ሌላ ድንጋይ እንዲያንኳኳ አዘዘውና እሱ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። እያንዳንዷን ምት ቆጠረ። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያንኑ ሙከራ ደገመው። ከአደባባዩ ማዶ ስምንት ወጣቶች ኮብልስቶን ይጠርባሉ፤ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዶሻቸው አያርፍም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቢያዳምጥ የሙላትን መዶሻ ከእነሱ መለየት አልቻለም።

ስለዚህ ሥራው የተሠራው በጠራራ ፀሐይ ነው። ድንጋዩ ማክሰኞ ማታ አብይ ሲያየው ደህና ነበር። የቀረው ረቡዕ ቀን ነው። ነጥቦቹን ሁሉ ለመምታት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አጥሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጌታሰው ሳያውቅ ሊገባ አይችልም።

የጠራቢዎቹን መሣሪያ አንድ በአንድ አየ። የሁሉም አፍ ጠፍጣፋ ነው፤ መስመር እንጂ ነጥብ አይተውም። ከመካከላቸው አንዱ፣ ለመሆኑ ከሐውልቱ ሥር የተቀበረው ማን ነው ብሎ ጠየቀው። እንዳላማው ማንም እንዳልተቀበረ ነገረው። ወጣቱ አላመነም፤ ያለ መቃብር ሐውልት አይቶ አያውቅም።

*

አፉ ሹል የሆነ መዶሻ የተገኘው ከይስማው ወፍጮ ቤት ነው።

ይስማው ስድሳ ዓመቱ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ወፍጮ ቤቱ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ነው። ሐውልቱ ከመምጣቱ በፊት በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ሰው መብራት ሲጠፋ እኔን እየረገመ ይችን ሴትዮ ሊያመሰግናት ነው፣ ከደጄ ላይ አንሡልኝ ብሎ ተናግሯል። ስብሰባው ስቆ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ሲጻፍ ግን ሳቁ አልተጻፈም፤ “ተቃወመ” ብቻ ነው የሚለው። ሙላት መዶሻውን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ፣ ጉዳዩ አለቀ በሚል ፊት በሩ ላይ ቆመ።

እንዳላማው ፎቶውን በስልኩ አሳየው። ይስማው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ። አሰፋው። ወደ ላይ ሄደ፤ ወደ ታች ወረደ።

“ኢንስፔክተር፣ የእርስዎ እናት በእጅ ፈጭተው ያውቃሉ?”

“የከተማ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ዱቄት ከወፍጮ ቤት ነበር የሚመጣው።”

“የሳጅንስ?”

ሙላት እናቱ ትፈጭ እንደነበር፣ እሱ ግን ወንድ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል ተብሎ ሲባረር እንዳደገ ተናገረ።

“እንግዲያው አልፈርድባችሁም” አለ ይስማው። “ይህ ድንጋይ አልተበላሸም። ተወቅሯል።”

ከዚያ በቆመ ሞተር አጠገብ፣ ለሁለት ፖሊሶች፣ ማንኛዋም የስልሳ ዓመት ሴት የምታውቀውን ነገር አስረዳ። ወፍጮ እየተፈጨበት ሲሄድ ይለሰልሳል። ከለሰለሰ እህሉ ይንሸራተታል፤ ሴቲቱ ቀኑን ሙሉ ገፍታ የምታገኘው ክክ ነው። ስለዚህ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሹል ድንጋይ ነጥብ በነጥብ ይወቀራል። ከላይ ሰፋና ጠለቅ ይላል፤ እህሉን ይሰብራል። ወደ ታች ሲሄድ ይደቅቃል፤ ዱቄቱን ያልማል። ተወቅሮ ሲያበቃ አንድ ጭብጥ እህል ተፈጭቶበት ይጣላል፤ አለበለዚያ አሸዋው ጥርስ ይሰብራል።

እንዳላማው ማስታወሻውን ገለጠ። ሰማንያ ስምንት፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ስድሳ ሁለት። የስንዴ ገለባ።

“መዶሻህስ?”

“የእኔ ብረት ነው፤ ብረት ጥርስ ይተዋል። ይህ በድንጋይ የተመታ ነው፤ ነጥቡ ክብ ነው። የሴት እጅ ነው። ደግሞ ግራኝ ናት።” ስልኩን መለሰለት። “ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ወቅሬአለሁ። እንዲህ አሳምሬ አላውቅም። እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ።”

እንዳላማው በአምበር የእጅ ወፍጮ የሚወቅር ሰው ማን ቀረ ብሎ ጠየቀው። ይስማው ወደ ቤተክርስቲያኑ ዛፎች በአገጩ አመለከተ። የቀረው ወፍጮ አንድ ነው፤ መገበሪያ፣ ማለትም የቅዳሴው ስንዴ፣ የሚፈጭበት፤ የሚፈጩበትም የሚወቅሩትም አንዲት አሮጊት መነኩሴ ናቸው።

*

ጌታሰው የእስር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እንዳላማው ከጎኑ ተቀመጠ።

“ረቡዕ ያስገባሃቸው መነኩሴ ዘንቢል ይዘው ነበር?” አለው።

ጌታሰው ዱላውን ፈለገ፤ ዱላው መዝገብ ቤት ነው።

“ከብዷቸው ነበር” አለ በመጨረሻ። “ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።”

ቀሪውን ቀስ ብሎ ተናገረ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ፊቷን ልይ አሉ። ከምርቃቱ በፊት ማንም እንዳያይ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን እንባ ዓይናቸው ላይ ነበርና ከፈተላቸው። ሸራውን ከፍ አድርጎ አስገባቸውና ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሚጸልዩ መስሎት። ድንጋይ ይሰማ ነበር፤ ድንጋይ ግን ከማዶም ይሰማል። ስድስት ሰዓት ላይ የቅዳሴው ደወል ሲደወል ወጥተው፣ ራሱን ዳብሰው ሄዱ። ሐሙስ ጠዋት ያ ሁሉ ሲሆን ገባው።

“ለምን ዝም አልክ?”

“እማሆይ አጥፍተዋል ብዬ ምን አፍ አለኝ? እሳቸው እኮ የክርስትና ልጆቼን ሁሉ ከሕመም ያዳኑ ናቸው። እኔ ብታሰር እፈታለሁ።”

*

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከቤተክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በምትገኝ አንዲት ክፍል ይኖራሉ። እንዳላማው ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅሙ ነበር። የሚለቅሙት በግራ እጃቸው ነው። ሰማንያ ሳይሞላቸው አልቀረም። ቀና ብለው አዩት፤ የደንብ ልብሱ አላስደነገጣቸውም። የሚቀመጥበትን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

ስለ ወፍጮው ጠየቃቸው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አሉ። “ሻካራ ሆነ እንዴ? ወይስ ለሰለሰ?”

በመዝገቡ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ አልነበረውም። ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ለመናቸው፤ እሳቸውም ስንዴውን እየለቀሙ ነገሩት።

ከመመንኮሳቸው በፊት ስማቸው ብዙዬ ነበር። ከማሬ ጋር የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ማሬ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ስለነበር መጅ ትገፋለች እንጂ መውቀሪያ መያዝ አትችልም። ስለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ የማሬን ወፍጮ የወቀሩት እሳቸው ናቸው። ማሬ በፈንታው የእሳቸውን ልጆች ራስ ትሠራ ነበር። አንድ ዓመት የወንድማቸው መርዶ መጣና ወደ አማኑኤል ከተማ ሄዱ፤ አርባውን ሳያወጡ መመለስ አልሆነላቸውም። ሲነሡ ማሬ፣ ብዙዬ ወፍጮዬ እየለሰለሰ ነው፣ ቶሎ ነይ ብላቸው ነበር። ሲመለሱ ማሬ አልነበረችም። ወፍጮው እንደለሰለሰ ደጃፍ ላይ ነበር።

“መጇን አንሥቼ ቤቴ አስገባሁ” አሉ። “ሌላ ምን አደርጋለሁ?”

ከዚያ እሑድ ክሬኑ መጣ። የማሬ ልጅ እናቱን በድንጋይ አስመስሎ አመጣት ሲባል ከሩቅ ቆመው አዩ። ፊቷን ለዩት። ሰው ሁሉ ወፍጮው ላይ ደመና ታየ እያለ ይደነቃል።

“ወፍጮ ደመና ከታየበት ሞቷል ማለት ነው፣ ልጄ” አሉ። ሰፌዱን አስቀመጡት። “ከነድካሟ አቆማት። ሳልወቅርላት ትቻት የሄድኩትን ወፍጮ ሰጥቶ አቆማት። እሷ እዚያ ለዘላለም ስትገፋ ልትኖር ነው፤ አንድ ጭብጥ አይወርድላትም። ቅዳሜ ደግሞ ስንቱ እንግዳ ይመጣል። ወፍጮዋን የሚወቅርላት ጎረቤት እንኳ ያልነበራት ይሏታል። እኔ በሕይወት እያለሁ?”

እንዳላማው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ልጇን ለምን ቀድመው አላነጋገሩትም?”

“ባዶ እጄን? መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስና ቅዳሜ እስመዋለሁ አልኩ።” ወደ ፀሐይዋ አዩ። “አልጨረስኩትም እንጂ። ጥጓ ላይ ስደርስ ደወሉ ተደወለ።”

ያን ጊዜ ጌታሰው ከትናንት ጀምሮ ጣቢያ መሆኑን ነገራቸው። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ሰማንያ ዓመታቸውን ረስተው ተነሡ።

“አንተ ልጅ፣ ይህን አስቀድሞ አይናገሩም? ስንዴ ስታስለቅመኝ ትውላለህ?”

*

ከሰዓት በኋላ አምደሚካኤል አጥሩ ውስጥ ብቻውን ነበር። ለክሬኑ ገመድ የሚሆነውን ቦታ እየለካ ነው። የሴቲቱን ወገብ በሜትር ሲለካ እንዳላማው በሩ ላይ ቆሞ አየው። ከኋላው እማሆይ፣ ከእሳቸው ኋላ ዱላው የተመለሰለት ጌታሰው ከነዘንቢሉ ገቡ። አሁን እንዲይዝላቸው ፈቅደዋል።

እንዳላማው የተሰጠውን ጥያቄ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት ውጤቱን ለባለጉዳይ የሚያቀርብበት የታወቀ አነጋገር አለው። በዚያ አነጋገር ሊጀምር ብሎ ተወው።

“የሚነግሩዎት እሳቸው ናቸው” አለ።

አምደሚካኤል ቢጫ ቆብ ያደረጉትን አሮጊት አየ፤ አላወቃቸውም። እማሆይ ዘንቢሉን ከፈቱና በግራ እጃቸው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በግራ እጃቸው ሲያወጡ ግን የሰውየው ፊት ተለወጠ።

“እትዬ ብዙዬ?”

“የት ነበሩ አትበለኝ፤ እኔም አልልህም” አሉና ጥቅሉን ሰጡት።

የእናቱ መጅ ነው። አምደሚካኤል በሁለት እጁ ተቀበለው። እንዳላማው ከቆመበት ሆኖ አንድ ነገር አየ፤ የመጁ ግራ ጫፍ ከቀኙ ይልቅ በጣም ሳስቷል። አንዷ እጅ የተሰበረባት ሴት በደህናው እጇ ስትጫነው ነው የኖረችው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው መጅ ግን ሁለቱም ጫፉ እኩል ነው። ይህን አልተናገረም። አምደሚካኤልም አይቶታል፤ አውራ ጣቱ ከሳሳው ጫፍ ላይ አልተነሣም።

እማሆይ ነገሩት። ለኢንስፔክተሩ ከነገሩት አጠር ያለ ነው። ወፍጮው መለስለሱን፣ ጥለዋት መሄዳቸውን፣ ረቡዕ መምጣታቸውን። ጠራቢዎቹ ከማዶ ይመታሉ፤ ማንም ድምፁን ዝቅ ወይም ከፍ አላደረገም። አምደሚካኤል ሲሰማ ቆይቶ ወደ ድንጋዩ ሄደና መዳፉን አሳረፈበት። በዚህ ጊዜ አላነሣውም። ከላይ ከሻካራው ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ደቃቁ ወረደ፤ ለስላሳው ጥግ ላይ ደርሶ ቆመ።

“ስምንት ወር ሙሉ” አለ፣ “የደከመችበትን ቀን ስወለውል ነበር።”

“አላወቅህ። ወንድ አይደለህም?”

“ጥጓን ይጨርሱልኝ፣ እትዬ።”

“እጄ ከረቡዕ ጀምሮ ደንዝዟል።” ከዘንቢሉ መውቀሪያውን አወጡ፤ እንቁላል የሚያህል፣ አንድ በኩል የሾለ ጥቁር ድንጋይ ነው። “አንተ ጨርሰው። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።”

አምደሚካኤል ተንበረከከ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ የመታ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ግን እማሆይ ትከሻውን ነኩት። ገጿን በቁጣ እንዳይመታት፣ ሰንበሌጥ እንደሚነካ ሰው እንዲነካት ነገሩት። ደግሞ መታ። ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ደህና ነው ማለት ነበር። ሲያበቃ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ጭብጥ ስንዴ ፈትተው አፈሰሱለት። በእናቱ መጅ ፈጨው። ብናኙን እማሆይ በእጃቸው ጠርገው ለዘመናይ ዶሮዎች በተኑት።

“አሁን እስከ ምጽአት ይበቃታል” አሉ።

ጌታሰው ሸራውን ሊመልስ ሲነሣ ከለከሉት። ሴት ሸራ ለብሳ አትፈጭም። በሩ ላይ የደረሰው አብይ ምርቃቱ ቅዳሜ ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም።

*

ኮማንደሩ አርብ ማታ ደውለው ጥፋተኛው ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁ። እንዳላማው መዝገቡን ከፊቱ ዘርግቶ ነበር። በንብረቱ ላይ የደረሰ ጉዳት አለመኖሩን፣ ተጠርጣሪው ጥበቃ በነጻ መለቀቁን፣ የባለንብረቱ አቤቱታ መነሣቱን አንድ በአንድ አነበበላቸው። ታዲያ ያ ሁሉ ጉድጓድ ምንድን ነው አሉት። ወፍጮ ተወቅሮ ነው አለ። ኮማንደሩ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ልጅ ሳሉ እናታቸው በሚወቅሩበት ምት ያንቀላፉ እንደነበር ነገሩት። የቤቱ ጸጥ ማለት ነበር የሚቀሰቅሳቸው።

“ምክንያት” ከሚለው ፊት አንድ ቃል ጻፈ፤ ጎረቤትነት። ሐሳብ እንጂ ማስረጃ አይደለም ብሎ ሊሰርዘው አሰበ። ማስረጃውን ቆጥሮታል። ተወው።

ቅዳሜ ክሬኑ አልመጣም። ንግግሮቹ ሲያልቁ ወንዶቹ ከሩቅ ቆመው ፎቶ አነሡ። አሮጊቶቹ ግን ወደ ድንጋዩ ቀረቡ፤ አንድ በአንድ መዳፋቸውን በወፍጮው ላይ እያሳረፉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። ከሥር የተቀበረው ማን ነው ብላ የጠየቀች አልነበረችም። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከዘመናይ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

ይስማው ከነዱቄቱ መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ከላይ እስከ ታች መረመረ። ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ይቺ ጥግ የሌላ ሰው እጅ ናት” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ነጥቡ ይዘላል። የወንድ ሥራ ነው። ማነው ይህን የነካካው?”

“ልጇ ነው” አሉ እማሆይ ከተቀመጡበት። “ተወው፣ ይለምዳል።”